የጡብ ቤታችሁን ውጪ ራሳችሁ ልትቀቡ ስትሉ፦ ኖራ፣ የውሃ ቀለም፣ ዘይት ቀለም ወይስ እንዳለ መተው?

መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ በእኛ ሰፈር መሰላል ከየጓሮው ይወጣል። የምንኖረው ለገጣፎ ዳር ነው። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ነፋሱ ይበረታል፣ ኮብልስቶን ያልደረሰበት መንገድም ገና ብዙ ነው። ክረምቱ በጡብ ግድግዳው ላይ የተወውን ጥቁር መስመር፣ ነጭ ጨውና የጭቃ ፍንጣቂ ያየ ሰው ሁሉ «ዘንድሮስ ልቀባው» ይላል። ቀጥሎ ጥያቄው ይመጣል። በምን?

እኔ ይህን ጥያቄ ሁለት ጊዜ መልሼዋለሁ። የመጀመሪያው በእናቴ ቤት ላይ ነበር። የበልጉ ዝናብ ጋብ እንዳለ፣ ሚያዝያ ላይ፣ ዘይት ቀለም ገዝቼ ግድግዳውን ዙሪያውን ቀባሁት። የሸጠልኝ ሰው «ጠብታ ውሃ አያሳልፍም» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ ከውጪ አላስገባም። ከውስጥም ግን አላስወጣም። ክረምቱ ሳይጋመስ ቀለሙ እሳት እንደነካው ቆዳ ውሃ ቋጠረ። በጣቴ ስጫነው ፈነዳ። ጥቅምት ላይ ስልጠው የጡቡ ፊት ከቀለሙ ጋር አብሮ ተነሳ። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው። መጥተው በመዳፋቸው ዳሰሱትና «ልጄ፣ ግድግዳውን አፍነኸዋል እኮ። ይተንፍስ እንጂ» አሉኝ።

ያን ቃል አልረሳሁትም። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች ሁሉ የምመዝነው በእሱ ነው።

ከቀለሙ በፊት ውሃውን

እንስራ ውሃ ለምን እንደሚያቀዘቅዝ ታውቃላችሁ። ሸክላው ያልበዋል። ውሃው በጥቃቅኑ ቀዳዳ ወጥቶ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። የሸክላ ጡብም ተፈጥሮው ያው ነው። ዝናብ ሲመታው ይጠጣል፣ ፀሐይ ስትወጣ መልሶ ይተፋል። ይህን ሥራውን እየሠራ አርባና ሃምሳ ዓመት የቆመ ጡብ ቤት በከተማችን ሞልቷል።

ችግሩ የሚጀምረው የሚገባው ውሃ ከሚወጣው ሲበልጥ ነው። ውሃ ደግሞ በዝናብ ብቻ አይመጣም። ከመሬት ወደ ላይ ይሳባል። ከተቀደደ አሸንዳ ይፈስሳል። ከማድ ቤትና ከሻወር እንፋሎት ሆኖ ከውስጥ ወደ ውጪ ይገፋል። ግድግዳው ከውጪ በማያስተነፍስ ሽፋን ሲታሸግ ይህ ሁሉ ውሃ ከሽፋኑ ጀርባ ይጠራቀማል። ውሃው ከአፈሩ፣ ከሲሚንቶውና ከጡቡ ያሟሟው ጨው አለ። ውሃው ሲደርቅ ጨው እዚያው ይቀርና ይረጋል። ሲረጋ ያብጣል። ቀለሙን የሚያስነሳው፣ ቆይቶም የጡቡን ፊት የሚያፈራርሰው እሱ ነው።

በውጭ ሀገር ምክሮች ላይ ስለ በረዶ ብዙ ታነባላችሁ። ብርድ በሚጠናበት ሀገር ጡብ የጠጣው ውሃ በረዶ ሆኖ ሲያብጥ ጡቡን ይሰነጥቀዋል። እኛን ይህ ብዙም አያሰጋንም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሱሉልታ ከዚያም ከፍ ይላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ንጋት ሜዳው አመዳይ ለብሶ ይታያል። ግድግዳው ግን ያን ጊዜ ደርቋል። እኛን የሚጎዳን ጨውና ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቀው ዝናብ ነው።

ስለዚህ ቀለም ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ቤቱን አንድ ጊዜ ዙሩት። አሸንዳው ያፈሳል? ቱቦው ውሃውን የሚደፋው ግድግዳው ሥር ነው? አፈር ጡቡ ላይ ተቆልሏል? አትክልት በግድግዳው ጥግ ተተክሎ በየቀኑ ይጠጣል? እነዚህን ሳታስተካክሉ የምትቀቡት ማንኛውም ቀለም ዕድሜው አጭር ነው።

ስንጥቅም እዩ። ከአያት እስከ ሰሚት፣ ከዚያም ወደ አቃቂ ብዙው መሬት መረሬ ነው። ጥቁሩ አፈር ክረምት ላይ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም ያንቀሳቅሰዋል። የጡቡን መገጣጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ የሚወርድ ስንጥቅ ካያችሁ ጫፉ ላይ በእርሳስ መስመርና ቀን ጻፉበት። ክረምቱን ተሻግሮ መስመሩን ካለፈ ግድግዳው ገና እየሄደ ነው። ይህ የቀለም ጉዳይ አይደለምና መጀመሪያ ባለሙያ ይየው።

አራት ቀላል ሙከራዎች

እነዚህን በአንድ ቅዳሜ መጨረስ ይቻላል፣ ገንዘብም አያስወጡም።

በደረቅ ቀን ግድግዳው ላይ ውሃ ርጩ። ወዲያው ከጠጣው ጡቡ ክፍት ነው። ውሃው ድብልብል ሆኖ ከወረደ ቀድሞ ቫርኒሽ ወይም ሌላ ነገር ተቀብቷል፣ ኖራም ሆነ የውሃ ቀለም በቀላሉ አይይዘውም።

አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ዙሪያውን አሽጋችሁ ለጥፉና አሳድሩት። በማግስቱ ከውስጥ በኩል ጠል ከያዘ ግድግዳው አልደረቀም። ጠብቁ። ይህን ሙከራ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁም፣ ከላይም አድርጉት። ከታች ብቻ ጠል ከያዘ ውሃው ከመሬት እየተሳበ ነው።

በምስማር ጫሩት። ምስማሩ በቀላሉ ዱቄት እያወጣ ከገባ ጡቡ በደንብ አልተቃጠለም። በደንብ የበሰለ ጡብ ምስማሩን ያንሸራትተዋል፣ ሲያንኳኩትም ይጮኻል።

ቀለም የነበረበት ከሆነ መዳፋችሁን አሹበት። እጃችሁ ነጭ ዱቄት ከያዘ አሮጌው ቀለም እየተፈረፈረ ነው። በዚያ ላይ የሚቀባው አዲስ ቀለም የሚይዘው ግድግዳውን ሳይሆን ዱቄቱን ነው።

እንዳለ መተው

ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «መቀባት አለበት ወይ?» ብዬ ነው። ብዙዎች ይህን እንደ አማራጭ አይቆጥሩትም። ለእኔ ግን ቀለም ነክቶት ለማያውቅ፣ ደህና ለበሰለ ጡብ ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። የራሴ ቤት ጡብ እስከ ዛሬ ቀለም አልነካውም።

ምክንያቴ ግልጽ ነው። ጡብ አንዴ ከተቀባ ወደ ኋላ መመለሻ የለውም ማለት ይቻላል። ቀለሙን በአሸዋ ግፊት ማስነሳት የጡቡን የተቃጠለ ጠንካራ ቆዳ አብሮ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ ጡቡ ከበፊቱ የበለጠ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ የሚቀባ ሰው የሚፈርመው ለአንድ ዓመት አይደለም። በየጥቂት ዓመቱ መልሶ ለመቀባት ነው የሚፈርመው።

መተው ሲባል ግን ዝም ብሎ ማየት አይደለም። ነጩን ጨው በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። ውሃ አትድፉበት፣ ጨው ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። ጭቃውንና ጥላሸቱን ከጠረጋችሁ በኋላ በውሃና በጥቂት ኦሞ እጠቡት። አረንጓዴው ሻጋታ በረኪና በውሃ ቀጥኖ ይቀባበት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆይ፣ ከዚያ በብሩሽ ታሽቶ ይታጠብ። የሲሚንቶ ጠብታ ለማንሳት አሲድ የሚጠቀሙ አሉ። አሲድ ሲሚንቶውን ሲያነሳ የመገጣጠሚያውንም ሞርታር፣ ማለትም ጡቦቹን ያያያዘውን የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ፣ ይበላል፣ ሌላ ጨውም ይተዋል። ለጀማሪ አልመክረውም። ከበረኪና ጋር ከተገናኘ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፣ ሁለቱ በአንድ ቀን አንድ ቦታ ባይገኙ ይሻላል።

ከዚያ መገጣጠሚያውን ተመልከቱ። አብዛኛው ዝናብ የሚገባው በጡቡ ሳይሆን በጡብና በጡብ መካከል ነው። የላላውን ሞርታር ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ቆፍራችሁ አውጡ፣ አቧራውን ጥረጉ፣ ረጠብ አድርጉት፣ በአዲስ ሞርታር ሙሉት። ይህ የፖይንቲንግ ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ልዩ ችሎታ አይፈልግም። እኔ በቀን አራት ካሬ ሜትር ያህል ነበር የምጨርሰው።

ዝናብ ፊት ለፊት የሚገርፈው ግድግዳ ካላችሁ ቀለም የሌለው ውሃ ገፊ መጨመር ይቻላል። ስትገዙ ሳይሌን ወይም ሳይሎክሴን የሚል መሆኑን አረጋግጡ። ይህ ዓይነቱ ወደ ጡቡ ሰርጎ ይገባል፣ ከላይ ሽፋን አይሠራም። ውሃውን ይገፋል፣ እንፋሎቱን ያሳልፋል። የተሰነጠቀ መገጣጠሚያ ግን አይደፍንም፣ እርጥብ ግድግዳ ላይም አይሠራም።

ኖራ

ኖራ በሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ሐረር ጀጎል ውስጥ ያሉትን ነጫጭ ግድግዳዎች ያየ ሰው ያውቀዋል። ኖራ ከቀለም የሚለየው ግድግዳው ላይ እንደ ሽፋን ስለማይለጠፍ ነው። ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ተመልሶ የኖራ ድንጋይ ይሆናል፣ ከጡቡም ጋር ይጣበቃል። እንፋሎት አያግድም። ጠባዩ አልካላይ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ስለሆነ ሻጋታም ቶሎ አይወደውም። ምስማር በቀላሉ ለሚገባበት ለስላሳ ጡብ ከኖራ የተሻለ ልብስ አላውቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በከረጢት የሚሸጠውን ዱቄት ኖራ ቢያንስ አንድ ቀን በውሃ ዘፍዝፉት። በወንፊት አጥሩት። እንደ ወተት እስኪቀጥን ውሃ ጨምሩበት። ግድግዳውን ረጠብ አድርጉት። ከዚያ በሰፊ ብሩሽ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ሲቀባ ግልጽ ውሃ ይመስላል፣ ያስደነግጣል። አትጨምሩበት። ሲደርቅ ይነጣል። በማግስቱ እንደገና ረጠብ አድርጋችሁ ሁለተኛውን እጅ፣ ከዚያ ሦስተኛውን፣ ካስፈለገ አራተኛውን። በአንድ ቀን አወፍሬ ልገላገል ያለ ሰው ኖራው ይፈረፈርበታል፣ የተደገፈውን ሁሉ ልብስ ነጭ ያደርጋል።

ቀለም መጨመር ከፈለጋችሁ የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ተጠቀሙ። ቀይ፣ ቢጫማ፣ ቡናማና ጥቁር ይገኛሉ። ሌሎች ብዙ ቀለሞችን ኖራው ያነጣቸዋል።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ኖራ በቆይታ በዝናብ ይታጠባል። በየጥቂት ዓመቱ አንድ እጅ መድገም ግድ ነው፣ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ የሚመታው ግድግዳ ደግሞ ቀድሞ ይጠይቃችኋል። የውሃ (ፕላስቲክ) ቀለም ወይም ዘይት በነካው ግድግዳ ላይ አይይዝም። ዓይን ውስጥ ከገባ አደገኛ ነው። መነጽርና ጓንት ሳታደርጉ አትንኩት፣ ልጆችንም አርቁ። ከገባ ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡና ሐኪም ጋ ሂዱ።

ዋጋው ግን ከሁሉም ይቀላል። ጊዜ ላለው፣ ገንዘብ ላጠረው፣ ቤቱ አሮጌ ለሆነ ሰው እኔ የምመርጥለት ይህን ነው።

የውሃ ቀለም

ብዙው ሰው የሚደርስበት ምርጫ ይህ ነው፣ ብዙ ጊዜም ትክክል ነው። በተለይ ጡቡ ቀድሞ ከተቀባ፣ ወይም የተለያየ ጡብና ብሎኬት ተቀላቅሎ ከተሠራ። ብዙ ቤቶች በየጊዜው ክፍል ሲጨመርባቸው እንዲህ ይሆናሉ። የእናቴን ቤት ሁለተኛ ጊዜ የቀባሁት በዚህ ነው። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ላጥኩ፣ የበጋውን ወራት እንዲደርቅ ተውኩት፣ የሚቀጥለው ጥቅምት ላይ ቀባሁት። አምስት ክረምት አልፎበታል። ከታች ጭቃ የሚረጨው ክፍል ብቻ ነው እየደጋገመ እጅ የሚፈልገው።

ጣሳው ላይ «ለውጪ» የሚል አክሪሊክ (የውሃ ቀለም ዓይነት) መሆኑን ሳታዩ አትግዙ። የውስጥ ቀለም ውጪ ሲቀባ ሁለት ክረምት እንኳ ሳይሞላው ይፈረፈራል። ጥሩ የውጪ አክሪሊክ ዝናቡን ይመልሳል፣ ከዘይት ቀለም በተሻለም እንፋሎት ያሳልፋል። እንደ ኖራ ግን አይደለም። ስለዚህ ከመሬት ውሃ የሚሳብበት ግድግዳ እስካልተስተካከለ ድረስ ይህም ያብጣል።

አዲስ የተገነባ ከሆነ አትቸኩሉ። የሞርታሩ ሲሚንቶ አልካላይነቱ እስኪበርድ ቢያንስ አንድ ወር ይፈልጋል። እኔ ብሆን አንድ ክረምት አሳልፌ፣ ጨው ከወጣና ከተጠረገ በኋላ ነው የምቀባው።

አቀባቡ ላይ የሚያሳስተው ሮለሩ ነው። ለውስጥ ግድግዳ የሚሸጠው አጭር ፀጉር ያለው ሮለር የጡቡን ፊት ብቻ ነክቶ ያልፋል፣ መገጣጠሚያው ሳይቀባ ይቀራል። ውሃ የሚገባው ደግሞ እዚያ ነው። ፀጉሩ ሁለት ሳንቲሜትር ገደማ የሆነውን ፈልጉ። መጀመሪያ መገጣጠሚያዎቹን በብሩሽ፣ ከዚያ ፊቱን በሮለር። አንዱን ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ጨርሱ። መሃል ላይ አቁማችሁ ምሳ ከበላችሁ የደረቀው ጠርዝ መስመር ሆኖ ይቀራል። ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው) አንድ እጅ፣ ቀለም ሁለት እጅ። የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎችን በቀለም አትድፈኑ።

ቀለሙን ስትመርጡ አቧራውን አስቡ። ጥርጊያ መንገድ ዳር ነጭ ቤት ጥር ላይ ቡናማ ይሆናል። ጠቆር ያለው ደግሞ ፀሐዩን ይስባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እኛ ያለንበትን ከፍታ አስሉት። ደማቅ ቀይና ደማቅ ቢጫ እዚህ ቶሎ የሚወይቡት ለዚህ ነው። የአፈር ዘር የሆኑት፣ ማለትም ገለባማ፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማና የጤፍ ቀለም፣ አቧራውንም ይሸሽጋሉ፣ ፀሐዩንም ይችላሉ። ቤታችሁ የኮሪደር ልማት በደረሰበት መንገድ ዳር ከሆነ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ወረዳችሁን ጠይቁ።

ዘይት ቀለምና ቫርኒሽ

በር፣ መስኮትና የብረት አጥር ላይ ዘይት ቀለም ቦታው ነው። ጡብ ላይ ግን አይሁን። ስለማፈኑ ነግሬያችኋለሁ። ሌላም ነገር አለ። የሲሚንቶው አልካላይ ከዘይቱ ጋር ሲገናኝ ዘይቱን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል። ቤት ውስጥ ሳሙና ሲሠራ ስብና ኮስቲክ ሶዳ እንደሚገናኙት ማለት ነው። ቀለሙ ይልማል፣ ይጣበቃል፣ ከዚያ ይላጣል።

ቫርኒሽም እንዲሁ ነው። አዲስ ሲሆን ጡቡ ቀልቶ ያንጸባርቃል፣ ዓይን ይስባል። በፀሐዩ ግን ይበጫል፣ ይሰነጠቃል፣ ከሥሩ ነጭ ነጠብጣብ ይሠራል። ሰፈራችን ውስጥ ያማሩ ጡቦች በዚህ ሲበላሹ ሳይ ያሳዝነኛል።

አሮጌ ዘይት ቀለም የምትልጡ ከሆነ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት። የቀድሞ ቀለሞች እርሳስ ሊኖርባቸው ይችላል። ዛሬ በሀገራችን ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) መብለጥ የለበትም፣ አሮጌው ግን ከዚያ በፊት የተቀባ ነው። እያረጠባችሁ ፋቁ፣ ልጣጩን በሸራ ሰብስቡ፣ ጭምብል አድርጉ። ዶሮዎችና ሕፃናት በአካባቢው አይኑሩ።

ለስኖ ኳርትዝ መቀባት

የጡቡ ፊት ግማሹ ከፈረሰ ሌላ መንገድ የለም። በሲሚንቶ ተለስኖ፣ ልስኑ ሳምንታት ደርቆ፣ ኳርትዝ ይቀባል። ኳርትዝ አሸዋ ያለበት ቀለም ስለሆነ ጥቃቅን ጉድለት ይሸፍናል፣ ዝናብም ይችላል። ሻካራነቱ ግን አቧራ ይይዛል። ልስን ደግሞ የለሳኝ ሥራ ነው። ቅዳሜና እሁድ ተምራችሁ የምትሞክሩት አይደለም። ጡቡም ለዘለዓለም ይሰናበታል።

ራሳችሁ ወይስ ባለሙያ

ፎቅ የሌለው ቤት ከሆነ ራሳችሁ ሥሩት። ከሥራው አብዛኛው መጥረግ፣ ማጠብ፣ መድፈንና መጠበቅ ነው። ይህን ደግሞ በቀን ሒሳብ የሚሠራ ሰው ሊቸኩልበት ይችላል፣ ባለቤቱ ግን አይቸኩልም። ሁለት ሰው ሆናችሁ ሁለት ቅዳሜና እሁድ ለዝግጅት፣ ሁለት ደግሞ ለቅብ ያዙ።

ጂ ፕላስ ዋን ከሆነ ለላይኛው ክፍል መወጣጫ የሚሠራ ባለሙያ ቅጠሩ። ሁለት በርሜል ላይ ጣውላ ዘርግቶ መቆም የተለመደ ነው። ለሦስት ሜትር ግድግዳ ከመሰላል ይሻላል፣ በርሜሉ ባዶ ካልሆነና ጣውላው ከታሰረ። ከዚያ በላይ ግን ሕይወት ነው። የመብራት ገመድ ወደ ቤት በሚገባበት ጥግ የብረት መሰላል አታስጠጉ።

ቀለም ቀቢ ስትቀጥሩ ቀለሙን ራሳችሁ ግዙ። ስንት እጅ እንደሚቀባ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ውሃ ሲጨምርበትም እዩ። ከመጠን በላይ የቀጠነ ቀለም በመጀመሪያው ቀን ያምራል፣ ጥፋቱ የሚታየው ክረምት ሲገባ ነው።

ስንት ይፈጃል

ዋጋ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ሒሳቡን ብቻ ላሳያችሁ። ቤቱ 10 በ8 ሜትር ነው እንበል፣ የግድግዳው ቁመት 3 ሜትር። ዙሪያው 36 ሜትር ነው፣ በ3 ሲባዛ 108 ካሬ ሜትር። ለበርና መስኮት 18 ቀንሱ፣ 90 ይቀራል። ሁለት እጅ 180 ካሬ ሜትር ይሆናል። ጣሳው ላይ በሊትር 8 ወይም 10 ካሬ ሜትር ተጽፎ ታያላችሁ። እሱ ለለስላሳ ልስን ነው። ለጡብ 6 ብላችሁ አስሉ። 30 ሊትር ይመጣል። ባለ 20 ሊትር ባልዲ ሁለት ያስፈልጋል ማለት ነው። ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ፣ የምርት ቁጥራቸው አንድ መሆኑን አይታችሁ ግዙ። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ቀላቅሉ። ግማሹን ዛሬ ከመርካቶ፣ ግማሹን በሳምንቱ ከሰፈር ሱቅ የገዛ ሰው ግድግዳው ሁለት መልክ ይኖረዋል።

መቼ፣ በየት በኩል

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ጥሩ ጊዜ ነው። መስከረም ላይ ግድግዳው ገና የጠጣውን አልተፋም። የካቲት ሲጋመስ የበልጉ ዝናብ ሊያስደነግጣችሁ ይችላል፣ ነፋሱም አቧራውን እርጥብ ቀለም ላይ ይለጥፋል።

ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ አትጀምሩ። ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ጥሩ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ጨርሱ፣ ምክንያቱም ማታ ብርዱ ሲወርድ ከ10 ዲግሪ በታች የውሃ ቀለም በደንብ አይገጥምም፣ ጤዛም ይወርድበታል።

ጥላውን ተከተሉ። በጋ ላይ ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ታልፋለች። ስለዚህ የሰሜኑ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው፣ በፈለጋችሁ ሰዓት ይቀባል። ምዕራቡን ጠዋት፣ ምሥራቁን ከሰዓት። የሚያስቸግረው ደቡቡ ነው። ለእሱ ደመና ያለበትን ቀን ጠብቁ፣ ካልሆነም ሸራ ወጥሩበት። ትኩስ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ሳይገባ ይደርቃል፣ ኖራ ከሆነማ ዱቄት ሆኖ ይቀራል።

ከታች ያለውን ግማሽ ሜትር ለብቻው አስቡት። ክረምት ላይ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ መሬቱን መትቶ ጭቃውን የሚረጨው እዚያ ነው። እኔ በእናቴ ቤት ዙሪያ አንድ ሜትር ስፋት ጠጠር አለበስኩና ጭቃው ቀነሰ። ያቺን ክፍል ከላይኛው ጠቆር ባለ ቀለም ለይቼ ቀባኋት። የተረፈውን ቀለም ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ጣሳ አድርጌ፣ የቀለሙን ስምና የምርት ቁጥሩን ጽፌበት፣ ጥላ ቦታ አስቀምጫለሁ። በየጥቅምቱ እናቴ ቡና ስታፈላ እኔ በአንድ ብሩሽ ያቺን ግማሽ ሜትር ዞሬ እነካካታለሁ። አንድ ከሰዓት በቂ ነው።